የዳኜ ፍሬዛ

ማሽኑ ሲጮኽ ሊገዙት ከባሕር ዳር የመጡት ሁለት ሰዎች እኩል ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንደኛው ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ። ሌላው «አጥፉት! ኧረ አጥፉት!» እያለ እጁን አወናጨፈ። የዝማሬ አባት አቶ እንዳልካቸው ማጥፊያውን መታው። የሚሽከረከረው መቁረጫ ቀስ እያለ ቆመ። ጩኸቱ ግን አብሮት የቆመ አልመሰለም፤ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ትንሽ ቆየ።

«ይኼ ብረት መቁረጥ አይደለም» አለ ጆሮውን የደፈነው ሰውዬ። «ምን እንደምለው እንጃ። ሰው ሲያለቅስ ነው የሚመስለው።»

ዝማሬ በትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁለት እጆቿን በሹራቧ ኪስ ውስጥ ከታለች።

እናቷ ሐመልማል ከግቢው እየሮጠች መጣች። ልብስ እያጠበች ስለነበር የሳሙና አረፋ ከክንዷ ይንጠባጠባል። እንግዶቹን ዞራም አላየቻቸው። በቀጥታ ወደ ማሽኑ ሄዳ እርጥብ እጇን ብረቱ ላይ አሳረፈች።

«አልሄድም እያለ ነው» አለች። «ባለፈውም ነግሬያችኋለሁ። ልጄ አልሄድም እያለ ነው።»

«ሐመልማል፣ ተይ እባክሽ» አላት ባሏ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። አንዱ «እግዜር ያጽናችሁ» አለ። ዋጋ እንኳ ሳይጠይቁ ወጡ።

ዝማሬ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄዳ እጇን ከኪሷ አወጣች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች በጥቁር ዘይት ተለቅልቀዋል። እናቷ ጥላው የሄደችውን ሳሙና አንስታ ፈገፈገቻቸው።

የእነ ዝማሬ ቤት ከፒያሳ ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከፊት መኖሪያው፣ ከጓሮ ወርክሾፑ። አባቷ ከወጣትነቱ ጀምሮ ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ነው። ቶርኖ ብረቱን ራሱን እያሽከረከረ ያሾለዋል። ፍሬዛ ግን ሌላ ነው፤ ብረቱ ሞርሳ ላይ ታስሮ ጸጥ ይላል፣ የሚሽከረከረው መቁረጫው ነው። ብረቱን የተሸከመው ጠረጴዛ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ መቁረጫው ቦይ ይቀድበታል፣ ጥርስ ያወጣለታል።

ፍሬዛውን ወደዚህ ቤት ያመጣው ዳኜ ነበር፤ የዝማሬ ታላቅ ወንድም። ከቴክኒክ ኮሌጅ እንደተመረቀ ያገለገለ ማሽን አፈላልጎ አገኘና አባቱን ለምኖ አስገዛው። ብዙም ሳይቆይ ከዳባትና ከደባርቅ የእህል ወፍጮ ያላቸው ሰዎች የተሰበረ ዕቃቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው «ያ ልጅ አለ?» እያሉ መምጣት ጀመሩ።

ባለፈው ክረምት ዳኜ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሊያመጣ አዘዞ ወረደ። ዝናብ ነበር። የተሳፈረበት ባጃጅ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ኩሽኔታውን ሰዎች ከነመጠቅለያ ወረቀቱ አመጡላቸው። ጭረት እንኳ አልነካውም።

ከዚያ ወዲህ ፍሬዛውን ማንም አላስነሳውም። አቶ እንዳልካቸው ቶርኖው ላይ ሲሠራ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቆም ጀመር፤ ፍሬዛው ያለበትን ጥግ ላለማየት። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ይሸጥ» አለ። «ብረት ካልሠራ ይዝጋል። እኛም አብረነው እየዛግን ነው።» ሐመልማል የምሳውን ሳህን ማንሣት ጀመረች። 

ለዝማሬ ግን ፍሬዛው ዝም ብሎ ብረት አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳኜ ከጎኑ ያቆማት ነበር። «ነይ እስቲ፣ ኢንጂነሯ» ይላታል። መጀመሪያ መጥረግ፣ ከዚያ ዘይት ማጠጣት፣ ከዚያ መዘውሩን እያዞሩ ጠረጴዛውን በእጅ መንዳት አስተማራት። አንድ ቀን በጠረጴዛውና ጠረጴዛው በሚንሸራተትበት ሐዲድ መካከል የገባች ረጅም ቀጭን ብረት አሳያት።

«ይቺ ሽብልቅ ናት» አላት። «ሥራዋ ማጣበቅ ብቻ ነው። በዚህች ቪቴ ነው የምትታዘዘው። ስታጠብቂያት ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ካላላሻት ግን ጠረጴዛው አየር ላይ ነው። ብረት ሲነካ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል። እንዲያውም አንድ ቀን ሰፈሩን በሙሉ አስደንግጠንበት እንስቃለን።»

ያ ቀን ሳይመጣ ቀረ። ግን የመጀመሪያው ገዢ ሊመጣ ነው በተባለ ጊዜ ዝማሬ ካቻቪቴውን አንስታ ቪቴዋን አላላቻት። ብዙም አላሰበችበትም። ያሰበችው ሌላ ሰው በዳኜ መዘውር ላይ እጁን ሲያሳርፍ ብቻ ነው። ማሽኑ ከወጣ ደግሞ ያ ጥግ ባዶ ይሆናል፤ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባዶ ሆኖ ይጠብቃታል።

ጩኸቱ ምን እንደሚመስል ግን አታውቅም ነበር።  ረጅም ነው፤ ከወፍራም ይጀምርና እየቀጠነ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሰው ትንፋሽ ይቆራረጣል። የሠራችው ራሷ ሆና ሳለ፣ የመጀመሪያ ጊዜ ስትሰማው ወደ ግቢው ሸሸች። እናቷ ግን ወደ ውስጥ ሮጠች። ገዢው ሲሄድ ዝማሬ ቪቴዋን አጥብቃ፣ የባሕር ዳሮቹ ከመምጣታቸው በፊት እንደገና አላላቻት።

የጎረቤት ሰዎችም ሰምተው ኖሮ ማውራት ጀመሩ። ሙሉሰው የምትባለው የአጥር ጎረቤታቸው ልጆቿ በወርክሾፑ በኩል እንዳያልፉ ከለከለች። «ብረት ነፍስ ያውቃል» ትላለች፤ «በተለይ ወጣት የለመደ ብረት።» ሐመልማል ጸበል አምጥታ ማሽኑ ላይ ረጨች። አቶ እንዳልካቸው ጨርቅ ይዞ ከኋላዋ እየተከተለ ጠረገው። «ያዝገዋል እኮ» አለ፤ የዝገቱ ነገር ግን አስጨንቆት አልነበረም።

የባሕር ዳሮቹ ሰዎች ከሄዱ በኋላ በነበረው ሳምንት ዝማሬ አንድ ቀን መምህር ስለቀረ ቶሎ ተለቀቀች። ግቢው ጭር ብሏል። አባቷ ፒያሳ ወጥቷል። የወርክሾፑ በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ድምፅ ሰማች።

በበሩ ክፍተት አየች። እናቷ ዳኜ ይቀመጥበት በነበረው የብረት መቀመጫ ላይ ተቀምጣለች። ግንባሯን የፍሬዛው ቋሚ ላይ አስደግፋለች። ጠረጴዛው ላይ፣ የሚቆረጠው ብረት በሚታሰርበት ቦታ፣ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀምጧል።

«ሰማሁህ» ትላለች ሐመልማል። «ሁለቴም ሰማሁህ። የት ነው የሚያምህ? ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትጮኸው? ንገረኛ።»

 ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጥፋ መልስ ጠበቀች።

 ዝማሬ ልትገባ እጇን በሩ ላይ አደረገች። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ልትል ነበር። ግን ከዚህ በኋላ ምን ይመጣል? እናቷ ምን ታደርጋለች? እጇን መለሰች። ወደ ቤት ገብታ ደብተሯን ዘረጋች፤ አንድ ገጽ እንኳ አላነበበችም። ማታ እናቷ ብርጭቆውን ለማጠብ ስታመጣው፣ ሻዩ እንደ ሞላ መሆኑን ዝማሬ አየች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም ነገር ይሰማት ጀመር። ክፍል ውስጥ ወንበር ሲጎተት፣ ሚኒባስ ፍሬን ሲይዝ፣ ያ ድምፅ ነው። ቪቴዋን ልታጠብቅ ሁለት ጊዜ ወርክሾፕ ገባች። ሁለቱንም ጊዜ የመዘውሩ እጀታ ላይ በደረቀው ግራሶ የቀረውን የዳኜን የአውራ ጣት አሻራ አይታ፣ ሳትነካ ወጣች።

ሦስተኛዋ ገዢ አዝመራ ከደባርቅ የመጣችው አርብ ጠዋት ነው። ሐመልማል ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር፤ የዝማሬ የትምህርት ፈረቃ ደግሞ ከሰዓት ነበር። አዝመራ ወፍራም ጃኬት የለበሰች፣ ፊቷን የሰሜን ብርድና ፀሐይ ያጠቆረው፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ ብዙም የማያልፍ ሴት ናት። የወፍጮ ዕቃ የምትጠግንበት ትንሽ ወርክሾፕ እዚያው ደባርቅ ከፍታለች። ትከሻዋ ላይ የመሣሪያ ቦርሳ አንግታለች።

«አያ እንዳልካቸው፣ እንደምን አደሩ» አለች ጎንበስ ብላ። «የልጅዎን መርዶ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እኛ አገር ካሉት ወፍጮዎች ግማሾቹ እሱ ያወጣው ጥርስ ነው ያለባቸው። ሥራው ሸጋ ነበር።»

አቶ እንዳልካቸው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እግዜር ይስጥሽ። ግቢ። መብራት ግን የለም፤ ጠዋት ነው የጠፋው።»

«ምንም አይደል። መብራት ሲኖር ሰው ይቸኩላል።»

ዝማሬ ቶርኖው አጠገብ ቆማ አየቻት። መብራት ከሌለ ጩኸት የለም፤ ጩኸት ከሌለ ደግሞ ሴትየዋ ትገዛው ይሆናል ብላ ሰጋች። አዝመራ ግን ዋጋም አልጠየቀች፣ ማሽኑንም አላወደሰች። ቦርሳዋን ከፍታ ጨርቅ አወጣችና መጥረግ ጀመረች። ጣሪያው ሥር ካለው መስኮት የሚገባው ብርሃን ሲበቃት በእሱ፣ ሳይበቃት በስልኳ መብራት እያየች ከላይ እስከ ታች ጠረገችው።

«ምነው ትጠርጊዋለሽ? ገና አልገዛሽውም» አላት አቶ እንዳልካቸው።

«ዘይትና አቧራ ብዙ ነገር ይሸፍናል፣ አያ። የተበየደ ስንጥቅ ይሸፍናል። ቀለም የተቀባ ብረት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ይኼኛው ቀለም አለመቀባቱ ደስ ብሎኛል።»

ጨርቁ የመዘውሩ እጀታ ላይ ደረሰ። ዝማሬ አፏን ከፈተች። ድምፅ ሳይወጣት ጨርቁ አለፈ። የደረቀው ግራሶ ተነሣ፣ የአውራ ጣቱ አሻራም አብሮ ተነሣ፤ ከሥሩ ብረቱ አበራ። አዝመራ ምንም ሳታውቅ ወደሚቀጥለው እጀታ ሄደች።

ከዚያ ክዳን ፈትታ የውስጡን ጥርሶች አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። ከሥር ዘይት በጣቷ አውጥታ አሸተተች፤ በሁለት ጣቶቿ መካከል እያሸች የብረት ብናኝ እንዳለበት ፈተሸች። ሰዓት የመሰለች ትንሽ መለኪያ አውጥታ መቁረጫው በሚታሰርበት ዘንግ ላይ አስደገፈችና ዘንጉን ቀስ ብላ በእጇ አዞረችው። የመለኪያዋ ቀስት ከቦታዋ ያልተነሣች ያህል ነበር።

«ኩሽኔታው ደህና ነው» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ። «ዘንጉም ቀጥ ያለ ነው። የያዘው ሰው የሚያውቅ ሰው ነው።»

አቶ እንዳልካቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊቱን ወደዚያ ጥግ አዙሮ ቆሞ ነበር። ስለልጁ የሚነገረው ይመስል ያዳምጣል።

አዝመራ የጠረጴዛውን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ሳብ፣ ወደዚያ ገፋ አደረገችው። ቋ አለ። እንደገና ሞከረችው። ቋ፣ ቋ። ፈገግታዋ ጠፋ። ጎንበስ ብላ በስልኳ መብራት ሽብልቋን አየች፣ ቪቴዋን በጣቷ ነካቻት። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«አያ እንዳልካቸው፣ እርስዎን የመሰለ ሰው ላስቀይም አልፈልግም።»

«ምን አገኘሽ?»

«ሽብልቋን ሆን ብሎ ያላላት ሰው አለ። ራሷ የላላች አይደለችም፤ በካቻቪቴ ነው። ይህን ብልሃት ብዙ ቦታ አይቼዋለሁ። ማሽን ብዙ ሲሠራ የሐዲዱ መሐል ይበላል፣ ጫፎቹ ግን እንደነበሩ ይቀራሉ። ያኔ ሽብልቋን ካጠበቋት ጠረጴዛው መሐል ላይ ደህና ይሄድና ጫፍ ሲደርስ ይነክሳል፣ አልንቀሳቀስም ይላል። ገዢ እንዳያውቅ ያላሏታል።»

«እኔ?» አለ አቶ እንዳልካቸው። «እኔ ነኝ የማታልልሽ?»

«እርስዎ ነዎት አላልኩም።»

«ልጄ ከሞተ ወዲህ በዚህ ማሽን ሠርቼም፣ ቪቴውን ነክቼም አላውቅም። ገዢ ሲመጣ ማስነሻውን ከመጫን በቀር። ይህን ቤት ጎንደር ውስጥ የሚያውቅ ሁሉ...» ብሎ ሳይጨርስ ወደ ማሽኑ ዞረ። ዓይኑ ማሽኑ ላይ ቀረ። ቀስ እያለ፣ እየመረረው የሚመጣ ሐሳብ ፊቱ ላይ ታየ። «እንግዲያው እሱ ነዋ» አለ። «ሌላ ማን አለ? እሱ ነው ያላላት። መሐሉ ተበልቶበት ለእኔ ሳይነግረኝ ነበር የሚሠራው። እየተንቀጠቀጠ የተቆረጠ ጥርስ ነው ለሰው ሲሰጥ የኖረው።»

አዝመራ አንገቷን ደፋች። «እንዲያ ከሆነ እኛም አገር ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ማየት ይኖርብኛል» አለች። «አዝናለሁ፣ አያ።» መለኪያዋን ወደ ቦርሳዋ መመለስ ጀመረች።

ዝማሬ የዳኜን ሥራ ታውቃለች። ዳኜ አንድ ጊዜ የሠራውን ጥርስ ከፀጉር የማይበልጥ ስህተት አግኝቶበት ውጪ ወርውሮት ነበር፤ ያን ቀን ራቱንም አልበላም። አሁን አባቷ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ወለሉን ያያል፤ ከወርክሾፑ ጥግ የበለጠ ነገር የተወሰደበት ሰው ይመስላል። ዝም ካለች ሴትየዋ ትሄዳለች። ማሽኑ ይቀራል። ጥጉ ባዶ አይሆንም።

ካቻቪቴውን ከግድግዳው መስቀያ አወረደች።

«ዝማሬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ አባቷ።

ዝማሬ ተንበርክካ ቪቴዋን አጠበቀቻት፤ ዳኜ እንዳሳያት፣ ቀስ እያለች፣ ጠረጴዛውን በሌላው እጇ እያንቀሳቀሰች፣ መንቋቋቱ እስኪጠፋ። ከዚያ ተነሥታ የመዘውሩን እጀታ ያዘች፤ ብረቱ ይቀዘቅዝ ነበር። ጠረጴዛውን ወደ ግራ ጫፍ ነዳችው። ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ሄደ። እስከ ቀኙ ጫፍ መለሰችው። የትም ቦታ አልነከሰም።

«ያዢው» አለቻት አዝመራን።  «ራስሽ ሞክሪው። መሐሉ አልተበላም። ዳኜ በየጠዋቱ ዘይት ሳያጠጣው ሥራ ጀምሮ አያውቅም።»

አዝመራ መዘውሩን ተቀበለቻት። ወዲያ ነዳችው፣ ወዲህ መለሰችው። ዓይኗን ጨፍና በእጇ ብቻ እየሰማች አንድ ጊዜ ደገመችው። መለኪያዋን እንደገና አውጥታ መሐሉንም ጫፎቹንም ለካች።

«እንደ አዲስ ነው» አለች። ዝማሬን አየቻት። «ታዲያ ማን ነው ያላላት?»

«እኔ ነኝ።»

 ውጪ ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ አለፈ።

«ሁለቱንም ጊዜ?» አለ አቶ እንዳልካቸው።

«አዎ፣ አባዬ።»

ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን እጁን ፊቱ ላይ አሳልፎ ወደ በሩ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ትከሻው ይነሣል፣ ይወድቃል። «እሱ አልነበረም» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አልታወቀም። «እሱ አልነበረም።»

መብራት የመጣው ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው። አዝመራ ቁራጭ ብረት ሞርሳው ላይ አስራ ማሽኑን አስነሣች። መቁረጫው ብረቱን ነካ። ብረቱ እየተጠቀለለ በቀጭኑ ወደቀ፤ የሚሰማው ወጥ የሆነ፣ ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ብቻ ነበር። አዝመራ የተቆረጠውን በጥፍሯ ዳሰሰች። «ነገ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለች። በዋጋው ከአቶ እንዳልካቸው ጋር ለመስማማትም ብዙ አልተከራከሩም። ስትወጣ ዝማሬ አጠገብ ቆም አለች። ትከሻዋን ነካ አድርጋት ሄደች።

ሐመልማል የደረሰችው ማሽኑ ገና ሳይጠፋ ነበር። ነጠላዋን እንዳጣፋች ግቢው መሐል ቆማ ሰምታለች። አዝመራ በአጠገቧ ስታልፍ አላየቻትም።

«አልጮኸም» አለች። ወደ ወርክሾፑ ገባች። «ዛሬ አልጮኸም። ፈቀደ ማለት ነው?»

አቶ እንዳልካቸው ዝማሬን አየ። ዝማሬ ወለሉን አየች።

«ደባርቅ ነው የሚሄደው» አለ በመጨረሻ።

«ደባርቅ ይበርዳል» አለች ሐመልማል። ጥቂት አሰበች። «ከፈቀደ ይሂድ። እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ከሴትየዋ ቤት አጠገብ አንዲት ክፍል አላጣም። ብቻውን አልሰደውም።»

ይህን ያለችው ገበያ እሄዳለሁ እንደሚል ሰው፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ ነው። ያን ቀን ከሰዓት ዝማሬ ትምህርት ቤት ሄዳ ተመለሰች፤ እናቷ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አባቷ በር ላይ ጠብቋት «እኔ ልንገራት?» ብሎ ጠየቃት። ዝማሬ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ እንዳልካቸው ማሽኑን የሚያነሡ ሰዎች ሊጠራ ወጣ። ሐመልማል የዳኜ መቀመጫ ላይ ተቀምጣለች። ትንሽ የልብስ ቦርሳ እግሯ ሥር አስቀምጣለች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለች ዝማሬ።

«መኪናው መጣ?»

«አልመጣም።»

ዝማሬ ቁራጭ ብረት ሞርሳው ላይ አሰረች። ማሽኑን አስነሣች፣ መዘውሩን አዞረች። ያ ወጥ ጉምጉምታ ተሰማ። አጠፋችው። ካቻቪቴውን አንስታ፣ እናቷ በደንብ እንድታያት ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ፣ ቪቴዋን አላላቻት። እንደገና አስነሣችው።

ጩኸቱ ወርክሾፑን ሞላው። ሐመልማል ከመቀመጫው ተስፈንጥራ ተነሣች። ዝማሬ አጠፋችው።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ያኔም እኔ ነበርኩ፣ ከዚያ በፊት በነበረውም እኔ ነበርኩ። ዳኜ አይደለም። ይቺ ቪቴ ናት።»

ሐመልማል ቪቴዋን አየች። ካቻቪቴውን አየች። የልጇን እጅ አየች።

«እኔ ሳወራውስ?» አለች።

«ያኔ ጠፍቶ ነበር። ምንም ድምፅ አልነበረውም።»

«ለምን?»

«ከተሸጠ... ጥጉ ባዶ ይሆናል ብዬ ነው።»

«እኔን እያየሽኝ?»

  «እያየሁሽ» አለች ዝማሬ፤ እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም።

 ሐመልማል አልመታቻትም፣ አላቀፈቻትምም። ወደ ማሽኑ ቀረበችና መቁረጫው ብረቱን የሚነካበትን ቦታ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቅ ይመስል።

«እስቲ እንደገና አስጩኺው» አለች።

«እማዬ...»

«አስጩኺው አልኩሽ።»

ዝማሬ አስነሣችው። ጩኸቱ ወጣ፤ ወፍራሙ፣ ከዚያ ቀጭኑ፣ ከዚያ የሚቆራረጠው። ሐመልማል ዓይኗን አልጨፈነችም። ጆሮዋንም አልደፈነችም። ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ እያየች እስከ መጨረሻው ሰማችው። ብረቱ ሲያልቅ ድምፁም አለቀ።

«በቃ» አለች። «አሁን አጥብቂያት።»

ዝማሬ ተንበርክካ ካቻቪቴውን አዞረች። ሐመልማል አጠገቧ ቆማ ቪቴዋ እስክትጠብቅ አየች። ከዚያ የልብስ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ቤት ገባች።